ሁለቱ ነቀርሳዎች፤ በሳንባ ሽፋን ላይ ስለሚነሣው ካንሰር ምርመራ የቀረበ ሒስ

በአማርኛችን ውስጥ አንድ ቃል ሁለት በሽታ ተሸክሞ ይኖራል። «ነቀርሳ» ስንል በአንድ በኩል በጀርም የሚመጣውን፣ በትንፋሽ የሚተላለፈውንና በመድኃኒት የሚድነውን የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለት ቲቢን እንናገራለን፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሰውነት ሕዋሳት ያለ ሥርዓት ሲበዙ የሚደርሰውን፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው ካንሰር የሚለውን በሽታ በዚያው ስም እንጠራለን። መዝገበ ቃላት ይህን በሁለት ቁጥር ከፍሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን በሙጃ የገበያ ቀን ጎኑን ይዞ ለመጣ ገበሬ ሐኪሙ «የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ነው» ቢለው፣ ሰሚው ከሁለቱ የትኛውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የዚህ ሒስ ዓላማ ቃሉን ለመንቀፍ አይደለም። ቃሉ ያደባለቃቸው ሁለት በሽታዎች በምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያም በመዝገብ ላይ፣ እንደዚሁ ተደባልቀው እንደሚቀሩ ለማሳየት ነው።

በሽታው በሕክምና ቋንቋ ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ሳንባን ከውጭ፣ የደረትንም ግድግዳ ከውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ይነሣል፤ አልፎ አልፎም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ይታያል። ዋናው መነሻው አዝቤስቶስ የሚባለው፣ እንደ ጥጥ ተፈልቅቆ ሊፈተል የሚችል፣ እሳት የማይበላው የማዕድን ክር ነው። ክሩ በትንፋሽ ከገባ በኋላ በሽታው እስኪገለጥ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ያልፋል። ብርቅ በሽታ ነው፤ አዝቤስቶስ በብዛት በተሠራባቸው አገሮች እንኳ ከሌሎች ካንሰሮች ጋር ሲወዳደር ቁጥሩ ጥቂት ነው። በአገራችን አንድ የጤና መኮንን ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ አንድም ላያጋጥመው ይችላል። አጋጥሞትም ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል፤ የክርክሩም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚጠቅሰው ጽሑፍ ዋግነር፣ ስሌግስና ማርሻንድ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች በ1960 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ነው (ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ በደቡብ አፍሪካ በሰሜን ምዕራብ ኬፕ ስለተገኙ 33 በሽተኞች የሚናገር ሲሆን፣ ከአንዱ በቀር ለሁሉም ከአዝቤስቶስ ጋር የመገናኘት ታሪክ ተገኝቶላቸዋል። የመማሪያ መጻሕፍት «አዝቤስቶስ ሜሶቴሊዮማን እንደሚያመጣ በዚህ ታወቀ» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። አጠቃቀሱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ከጽሑፉ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመውን ክፍል ጥሎ የሚሄድ አጠቃቀስ ነው።

የሚጣለው ክፍል ይህ ነው። ስሌግስ በኪምበርሊ ከተማ የቲቢ ሆስፒታል ኃላፊ ነበረ። በዚያ ዘመን ደረቱ ውሃ የቋጠረ ሰው ሁሉ የቲቢ በሽተኛ ተብሎ ይታከም ነበር፤ አብዛኞቹም በእውነት ቲቢ ነበረባቸው። ስሌግስ ያስተዋለው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከኪምበርሊ በስተምሥራቅ የሚመጡት በመድኃኒቱ ሲሻላቸው፣ በስተምዕራብ ከአዝቤስቶስ ተራሮች አካባቢ ከሚመጡት መካከል ግን አንዳንዶቹ አልሻል አሉት። ዋግነር በበኩሉ በ1956 ቲቢ ነው የተባለለትን የአንድ ሠራተኛ አስከሬን ሲመረምር ያገኘው የሳንባ ሽፋን ዕጢ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ማስታወሻቸውን ሲያስተያዩ ነገሩ ተገለጠ። ከበሽተኞቹም መካከል ወደ ማዕድን ጉድጓድ ፈጽሞ ያልገቡ፣ በልጅነታቸው በአካባቢው የኖሩ ብቻ ነበሩበት። በጊዜው ዊሊስን የመሰለ የታወቀ የበሽታ ሊቅ ከሳንባ ሽፋን የሚነሣ ዕጢ መኖሩን ራሱን ይጠራጠር ስለነበር፣ የማይክሮስኮፕ ማስረጃ ብቻውን ባላሳመነም ነበር። ያሳመነው «ከወዴት መጣህ? በልጅነትህ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ አገራችን ስናመጣው የጽሑፉ ጉድለት፣ ይልቁንም ጽሑፉ ሳይናገር የሚያልፈው ዕድል ይታየናል። ስሌግስ ያከማቸው ዕውቀት በአንድ ሆስፒታል ለብዙ ዓመት ተቀምጦ የጀመራቸውን በሽተኞች ፍጻሜ ከማየቱ የተገኘ ነው። ዋግነር ደግሞ አስከሬን የመመርመር ፈቃድና ልማድ ባለበት ተቋም ይሠራ ነበር። በላስታና በአካባቢው ሁለቱም የሉም። የሞተ ሰው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመካነ መቃብሩ ያርፋል፤ አስከሬን ተከፍቶ ይመርመር የሚል ሐኪም ቢነሣ የሚሰማው የለም፤ እኔም ይህ ልማድ እንዲለወጥ አልከራከርም። የመጀመሪያው ጉድለት ግን ሊታረም የሚችል ነው።

ሙጃ የግዳን ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ኩልመስክ የሚወጣው መንገድ ያልፍባታል። ከዚያ ደጋ የተነሣ በሽተኛ መጀመሪያ የሚታየው በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ትንፋሽ ካጠረው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያ ውሃው ይቀዳለታል። ነገሩ ከከበደ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በየደረጃው ካርድ ይወጣለታል፤ ካርዱም በየካርድ ክፍሉ ይቀራል። በሙጃ የጀመረው ባለሙያ ፍጻሜውን አያይም፤ በአዲስ አበባ የሚያየው ደግሞ መጀመሪያውን አያውቅም። በ2021 ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች በተዘረፉ ጊዜ የጠፋው መሣሪያ ብዙ ተነግሮለታል። በሽተኛን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመከታተል ጉድለት ግን ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በቲቢ መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ በሽተኛ ውጤት በታወቁ ስሞች ይጻፋል፤ የዳነ፣ ሕክምናውን የጨረሰ፣ ሕክምናው ያልሠራለት፣ የሞተ፣ የጠፋ እየተባለ። «የዳነ» ለመባል በአክታው ውስጥ ጀርም የነበረበትና በኋላ የጠፋለት መሆን አለበት። የሳንባ ሽፋን ቲቢ ያለበት ሰው አክታ ግን ብዙ ጊዜ ጀርም አይታይበትም፤ ስለዚህ የስድስት ወሩን ክኒን ከዋጠና ሳይሞት ከቆየ «ሕክምናውን የጨረሰ» ይባላል። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ የዳኑትና የጨረሱት ተደምረው «በሕክምናው የተሳካላቸው» ሆነው ይወጣሉ። አሁን በሜሶቴሊዮማ የታመመን ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ እናስገባው። ብዙዎቹ ምርመራው ከተደረገ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በጥቂት ያነሰና የበለጠ ጊዜ ይኖራሉ፤ ስድስት ወሩን ክኒን ለመዋጥ የሚበቃ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ያልተገኘለት በሽታ እየገደለው ያለ ሰው በመዝገቡ ላይ ከተሳካላቸው ጋር ይቆጠራል። መዝገቡን የሚሞላው ባለሙያ አልዋሸም፤ ቅጹ የጠየቀውን መልሷል። «እዚህ አገር ይህ በሽታ የለም» የሚል ሰው ሲነሣ ማስረጃ አድርጎ የሚያሳየውም ይህንኑ መዝገብ ነው።

ይህን ስል የመጀመሪያውን ውሳኔ አልነቅፍም። እንደ አገራችን ቲቢ በበዛበት ስፍራ ደረቱ ውሃ ለቋጠረ ሰው ቲቢን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ሜሶቴሊዮማን አስቀድሞ የሚያስብ ሐኪም ብዙ ሰው ይገድላል። የምተቸው «መድኃኒቱን ሰጥተን እንየው» የሚለው ሐሳብ ከሁለተኛው ወር በኋላ የሚይዘውን መልክ ነው። መድኃኒት ሰጥቶ ማየት ምርመራ የሚሆነው በእርግጥ ከታየ ብቻ ነው። በመታየቱም ጊዜ የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። ውሃው በመርፌ ከተቀዳለት ማንኛውም በሽተኛ በዚያው ቀን ይቀለዋል፤ ይህ እፎይታ በካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ተብሎ ይጻፋል። የቲቢው ውሃ ያለ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጠጣልና መሻሉ ራሱ መድኃኒቱ ለመሥራቱ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ሜሶቴሊዮማ ሲገፋ ሁለቱን የሽፋን ንጣፎች አጣብቆ ውሃው የሚቋጠርበትን ክፍተት ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ውሃው ይቀንሳል፤ ሐኪሙም ውሃው መቀነሱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ በሽተኛው ግን ትንፋሹ እያጠረ፣ ጎኑና ትከሻው በማይለቅ ሕመም እየተያዘ ይሄዳል። የውሃውን መቀነስ ከበሽተኛው አተነፋፈስ ጋር ሳያስተያዩ መመዝገብ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ስለ ውሃው ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሁለቱም በሽታዎች ፕሮቲን የበዛበት፣ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመዝኑበት ሊሆን ይችላል። በቲቢ ጊዜ እንኳ ጀርሙ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ከመቶ ዐሥር በማይሞሉት ነው፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያም በአክታ ላይ ያለውን ያህል ጉልበት በዚህ ውሃ ላይ የለውም። ስለዚህ «ኔጋቲቭ» የሚለው ቃል ቲቢን አያስቀርም፤ ካንሰርንም አያመጣም። ከውሃው የተገኙትን ሕዋሳት አይቶ ሜሶቴሊዮማን መለየት ለሠለጠነ ዐይንም አስቸጋሪ ነው፤ በቁጣ ያበጡ ጤነኛ የሽፋን ሕዋሳት ካንሰር መስለው ይታያሉ፤ ካንሰሩም እነርሱን መስሎ ያልፋል።

ራጅ ግን ከሚገባው ያነሰ ነው የሚነበበው። ውሃ ብዙ ሲሆን ልብንና የአየር ቧንቧን ወደ ጤነኛው ጎን እንደሚገፋ ሁላችንም ተምረናል። አንድ ጎን በሙሉ ነጥቶ ሳለ ልብ ካልተገፋ፣ ይልቁንም ወደታመመው ጎን ከተሳበና የጎድን አጥንቶቹ ከተቀራረቡ፣ ሳንባው በጠንካራ ቅርፊት ተይዟል ማለት ነው። ቆይቶ የተጠበቀ ቲቢም ይህን ሊያደርግ ይችላልና ምልክቱ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ማንኛውም የራጅ ፊልምና ሁለት ደቂቃ ነው። ሲቲ ስካን የለንም እያሉ የሚያማርሩ ጓደኞቼ በእጃቸው ያለውን ፊልም መጀመሪያ እንዲህ አድርገው ቢያነቡት መልካም ነበር።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከሽፋኑ ላይ ተቆርጦ የሚወሰደው ሥጋ ነው። እዚህ ላይ የመሣሪያው ችግር እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። በመርፌ የሚወሰደው ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ ዕጢውን ሊስተው ይችላል፤ በደረት ውስጥ በመስተዋት እያዩ መቁረጥ ደግሞ ባለሙያና ማደንዘዣ ይፈልጋል። ቁራጩ ከተገኘ በኋላ በተለመደው ቀለም ብቻ ሜሶቴሊዮማን ከሳንባ ካንሰር መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ካልሬቲኒንና ደብልዩ ቲ 1ን የመሰሉ ለሜሶቴሊዮማ የሚመሰክሩ፣ እንዲሁም ቲ ቲ ኤፍ 1ን የመሰሉ ለሳንባ ካንሰር የሚመሰክሩ የፕሮቲን ምልክቶች አብረው ይፈተሻሉ፤ ከየወገኑ ቢያንስ ሁለት ምስክር ይፈለጋል። ይህ ፍተሻ በአገራችን በጥቂት ስፍራ ብቻ ስለሚገኝ የሙጃው በሽተኛ በሬውን ሸጦ የሚመጣው ለዚህች ቁራጭ ሥጋ ነው። እንግዲህ ማን ይላክ፣ ማን አይላክ የሚለው ውሳኔ የሚወድቀው በታች ባለው ባለሙያ ላይ ነው፤ ለእርሱም ያለው መሣሪያ የስሌግስ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ስንጠይቅ ግን ሌላ ስሕተት ይጠብቀናል። በቱርክ አገር በካፓዶክያ ካራይን የምትባል መንደር አለች። ባሪሽ የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ በ1978 እንዳሳወቁት በዚያች መንደር ሜሶቴሊዮማ እንደ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ጨርሷል። ጥፋተኛው አዝቤስቶስ ሳይሆን በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የሚገኝ ኤሪዮናይት የሚባል ማዕድን ነበር፤ ሰዎቹም ቤታቸውን የሚሠሩት ከዚያው ለስላሳ ዐለት ነው። ይህን ያነበበ የላስታ ልጅ ወዲያው ላሊበላን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነውና። መደምደሚያው ግን አይከተልም። ኤሪዮናይት ዜዮላይት ከሚባሉት ብዙ ማዕድናት አንዱ ብቻ ነው፤ ዜዮላይት ሁሉ ክር አይሆንም፤ የእሳተ ገሞራ ዐለት ሁሉም ኤሪዮናይት አይሸከምም፤ ያለበትም መሆኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ እንጂ በመመሳሰል አይደለም። አዝቤስቶስም ቢሆን የሚገኘው ሰርፐንቲን በመሳሰሉ እጅግ ያረጁና የተለወጡ ዐለቶች ውስጥ ነው፤ እንደ ወለጋው ዩብዶና እንደ ደቡቡ አዶላ ያለ ስፍራ ማለት ነው። የላስታ ደጋ ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው የባዛልት ንጣፍ ተሸፍኗል። ዐለቱን ወንጅሎ ሕዝቡን ማስፈራራት ሳይንስ አይባልም።

ጥያቄው መሄድ ያለበት ከዐለቱ ወደ ሰውየው ሕይወት ነው። ዛሬ 60 ዓመት የሆነው የሙጃ ሰው በሽታው የገባበትን ዘመን ብንፈልግ 30 እና 40 ዓመት ወደ ኋላ መቁጠር አለብን፤ ይህም በ1984 እና በ1985 ድርቅ ዙሪያ ያደርሰናል። በዚያን ጊዜ የወሎ ሰው በቦታው አልቀረም። ብዙው በሰፈራ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ሌላው በአሰብ ወደብ ተሸካሚ፣ በጭነት መኪና ረዳት፣ በፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ጅቡቲና ወደ ዐረብ አገር የሄደው ብዙ ነው። በካርዱ ላይ ግን «አድራሻ፤ ሙጃ። ሥራ፤ ገበሬ» ይላል። ይህ የዛሬው እውነት ነው፤ ምርመራው የሚፈልገው የአርባ ዓመቱን ነው። ዓመተ ምሕረት ብንጠይቅ ላይመለስልን ይችላል፤ «አባቴ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የት ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?» ብንል ግን መልስ የማያገኝ ጠያቂ የለም። የቦይለርን መጠቅለያ ያፈረሰ፣ የአዝቤስቶስ ሲሚንቶ ጣራ ወይም ቧንቧ በመጋዝ የቆረጠ፣ ጆንያውን በትከሻው ያራገፈ መሆኑን ሳያፍር ይናገራል። የፍሬን ሸራ ሲቀይር አቧራውን እፍ እያለ ያራገፈም ይኖራል፤ ስለ ጋራዥ ሠራተኞች የተደረጉት ጥናቶች ከቦይለርና ከሲሚንቶ ሠራተኞቹ ያነሰ ማስረጃ ያላቸው ስለሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አልጫንም፤ ሆኖም መጻፍ አለበት። ሴቶቹንም መርሳት አይገባም፤ በግሪክ አገር በመጾቮ ከተማ የቤቱን ግድግዳ በነጭ አፈር የሚቀቡ ቤተሰቦች በአፈሩ ውስጥ በነበረው ትሬሞላይት በሚባል አዝቤስቶስ መታመማቸው ታውቋል። የእኛ ነጭ አፈር ሁሉ እንደዚያ ነው ለማለት አይደለም። እናቶች ግድግዳ ሲለቀልቁ የሚተነፍሱትን አቧራ «ሥራ፤ የቤት እመቤት» የሚለው ጽሑፍ እንደሚሸፍነው ለማሳየት ነው።

ይህ ዐይነቱ ጥያቄ በአገራችን ፍሬ አፍርቶ ያውቃል። የደጋው ገበሬ እግር እብጠት ለብዙ ጊዜ በትንኝ የሚመጣ የትል በሽታ ነው ሲባል ኖሮ፣ ኤርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ ሰዎቹ በባዶ እግራቸው የሚረግጡትን ቀይ አፈር ተከትሎ ምክንያቱ የአፈሩ ማዕድን መሆኑን አሳየ። እርሱም የጀመረው ሰዎቹ የት እንደሚኖሩና ምን እንደሚረግጡ በመጠየቅ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብቦ «በሽታው የማይድን ከሆነ ስሙን ማወቁ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ጠንካራ ነው። በሌላ አገር ዕድሜን በወራት የሚያራዝሙ መድኃኒቶች አሉ፤ ፔሜትሬክስድ ከሲስፕላቲን ጋር ከ2003 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከ2020 ወዲህም የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ ሌሎች ተጨምረዋል። ለሙጃው ሰው እነዚህ ሩቅ ናቸው ብንል እንኳ ስሙ ከታወቀ ጉበቱን ሊጎዱ የሚችሉትን ክኒኖች በከንቱ አይውጥም። ውሃው ዳግመኛ እንዳይቋጠር ማድረግ ይቻላል፤ ለሕመሙም ሞርፊን ይሰጠዋል። ሚስቱና ልጆቹ ይተላለፍብናል ብለው ዋንጫውን አይለዩበትም፤ ሜሶቴሊዮማ አይተላለፍምና። ሁለተኛውን በሬም አይሸጥም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ካሣ ይፈቅዳል፤ ስም የሌለው በሽታ ግን ካሣ ሊጠየቅበት አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮት አንዱን ቦይለር ያፈረሰ ወንድም ወይም ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ እርሱ ገና አልታመመ ይሆናል፤ ሲታመም የት እንደሚጠየቅ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰው ታሪክ ከተጻፈ ነው።

በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በከተማዋ የሚገኙ ካንሰሮች ይቆጠራሉ፤ ሜሶቴሊዮማም በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ዝርዝር ዐሥረኛ እትም ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። መቁጠሪያው አለ ማለት ነው። ከሙጃ የሚመጣው ካርድ ግን ባዶውን ከመጣ የሚቆጠር ነገር አይኖረውም። ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ለተግባር ትምህርት ወደ ሰሜን ወሎ የምንላክ ተማሪዎች በቲቢ መዝገብ ላይ «የሳንባ ሽፋን» ተብለው የተመዘገቡትንና «ሕክምናውን ጨረሱ» የተባሉትን ሰዎች ስም እንድንወስድ፣ ከዓመት በኋላ በሕይወት መኖራቸውን ከየጎጣቸው እንድንጠይቅ፣ ለሞቱትም ቤተሰቦቻቸውን ስለ ቀድሞ ሥራቸው እንድንጠይቅ ይፈቀድልን። ይህ ማሽን አይፈልግም፤ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ የቤተሰቡን ፈቃደኝነትና ሁለት ክረምት ይፈልጋል።